ያገባችም ያላገባችም

ያምሮት እራቷን ቆማ በላች። አክስቷ አምለሰት መጀመሪያ ልብ አላለችም፤ የአክስቷ ባል ይርሳው ግን ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀና አለና «ዛሬስ ዘብ ተቀጥራልናለች» ብሎ ቀለደ። ይርሳው የእህል መጋዘን ዘበኛ ስለሆነ ቀልዱም ከዚያው ከሥራው አይርቅም። ልጅቷ አልሳቀችም። ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስለዋለች መቆሙ እንደሚሻላት ተናግራ፣ ሳህኑን አጥባ፣ ቀሚሷን ሳታወልቅ ከመደቡ ጥግ ተጠቅልላ ተኛች። ዕድሜዋ አሥራ ሦስት ነው፤ አምስተኛ ክፍል ናት፤ ለትምህርት ብላ ከገጠር ፍኖተ ሰላም ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ቆማ በልታ አታውቅም።

ጠዋት ይርሳው ወደ መጋዘኑ ከሄደ በኋላ አምለሰት እጣቢ ልትደፋ ወደ ጓሮ ወጣች። ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር መሐል፣ ጨርቅ ተወሽቋል። የራሷ የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ነው። ታጥቧል፤ ግን የልጅ እጥበት ስለሆነ መሐሉ ላይ ቡናማ ነገር ቀርቶበታል። አምለሰት ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለጋትም። ባልዲውን አስቀምጣ አጥሩን ይዛ ቆመች። ይባስ ብሎ የጨርቁ ጫፍ ወደ እታለም ጓሮም ብቅ ብሏል። ጎረቤቷ እታለም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ብቻ ያየችውን ነገር ለብቻዋ ይዛ መዋል አይሆንላትም። አሁንም ከአጥሩ ማዶ ድምጿ መጣ፤ ልጅቱን አሟት እንደሆነ ጠየቀች፤ ትናንት ማታ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ውሃ ስትደፋ እንዳየቻት ተናገረች። አምለሰት ጉንፋን ቢጤ ነው ብላ መለሰች። እታለም «እግዜር ይማራት» አለችና ዝም አለች፤ የእታለም ዝምታ ደግሞ ከወሬዋ ይከፋል።

በአምለሰት አገር፣ ከላህ ወንዝ ማዶ ባሉት ቀዬዎች፣ ይህ ጉዳይ የሚያከራክር አይደለም። ሴት ልጅ ደም የምታየው ወንድ ሲደርስባት ነው። አምለሰት ይህን ከእናቷ ሰምታለች፣ እናቷም ከእናቷ። ደግሞስ ማን ያስተባብላል? ልጃገረዶቹ ሁሉ በአሥርና በአሥራ አንድ ዓመታቸው ይዳራሉ፤ ደሙን የሚያዩት ባላቸው ቤት ገብተው ነው፤ እንግዲያው ያመጣው ባል ነው ማለት ነው። የያምሮት ታላቅ እህት አደይም በአሥራ አንድ ዓመቷ ተድራ፣ ሁለት ዓመት ቆይታ ነው ያየችው። ከዚህ ደንብ ውጪ የሆነች ሴት አምለሰት በዕድሜዋ አንዲት ብቻ ታውቃለች፤ የዚያችን ሴት ነገር ግን ለነፍስ አባቷም ተናግራ አታውቅም።

ዕለቱ ደግሞ ገበያ ነው። በገበያ ቀን የያምሮት አባት ታከለ፣ የአምለሰት ታላቅ ወንድም፣ የልጁን ስንቅ በአህያ ጭኖ ይመጣል። ታከለ ልጁን ከተማ ልኮ ማስተማሩን ከልቡ ፈልጎት አያውቅም። እሺ ያሰኘችው እህቱ ናት፤ አንድ ክረምት ሙሉ ስትለምነው፣ ስታለቅስበት፣ በአባታቸው አጥንት ስትማልደው ከርማ ነው። ሲያስረክባትም «የሰጠሁሽ ልጄን አይደለም፣ ስሜን ነው» ብሏታል። የጨርቁን ነገር ቢሰማ ልጅቷን ዛሬውኑ ይዟት እንደሚሄድ አምለሰት ታውቃለች። ከወር በኋላ የማኅበር ድግስ ነው ተብሎ ጠላ ይጠመቅና ልጅቷ በዚያ ሽፋን ትዳራለች፤ ቀበሌው ያለ ዕድሜ ጋብቻ ክልክል ነው የሚል ወረቀት ከለጠፈ ወዲህ በአካባቢው የማኅበር ድግስ በዝቷል። ከዚያ በፊት ግን የሰውየው ስም ይፈለጋል። ስም ከወጣ ታከለ ዝም ብሎ አይመለስም፤ ወይ ይገድላል፣ ወይ ይሞታል። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። አምለሰት ከፍርሃቷ ብዛት እጣቢውን የደፋችው መስሏት ባልዲውን እንደሞላ ይዛው ወደ ቤት ተመለሰች።

ልጅቷን ከመደቡ ቀስቅሳ ጓዳ አስገባቻት። ጓዳው ጠባብ ነው፤ አምለሰት ጉሊት የምትቸረችረው ሽንኩርትና በርበሬ ከነጆንያው ተደርድሮበታል፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ በጭስ ጠቁሮ ጽሑፉ አይነበብም። ጨርቁን አውጥታ ከፊቷ ዘረጋችው።

«ማን ነው?» አለቻት።

«ማንም የለም፣ አክስቴ።»

«ለእኔ ብትነግሪኝ ነው የሚሻልሽ። አባትሽ ዛሬ ይመጣል።»

ያምሮት ጆንያው ላይ ተለጠፈች። መሬት መሬቱን እያየች፣ ነገሩ በራሱ ጊዜ የሚመጣ እንደሆነ ተናገረች፤ መምህር ወንዳወቅ ሰኞ ዕለት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አስተምሯቸዋል። ያን ያህል ካወቀች ለምን እንደደበቀች ስትጠየቅ፣ መምህሩ ያለውንና እናቷ የምትለውን ይዛ ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ አድራ የትኛው እውነት እንደሆነ ስላልለየላት እንደሆነ እያለቀሰች ተናገረች። አምለሰት ግን የሰማችው የመምህሩን ስም ብቻ ነው።  ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለዚህ ነገር የሚያወራ ወንድ ምን ዓይነት ወንድ ነው? ማንም ሳይነካሽ ይመጣል ብሎ የሚያስተምርስ፣ የራሱን ሥራ የሚሸፍን ካልሆነ በቀር፣ ማን ነው? ልጅቷ ራሷን ላድን ብላ የተናገረችው ቃል በአክስቷ ጆሮ የጥፋተኛው ስም ሆኖ ገባ። አምለሰት እጇን አነሳች፤ ከዚያ መልሳ አወረደችው። ልጅቷን ከቤት እንዳትወጣ አስጠንቅቃ በሩን ከውጭ ቆለፈችውና ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። 

አስፋልቱ ዳር ስትደርስ ገበያው ሞልቷል። ረዳቶቹ «ቡሬ! ቡሬ!» እያሉ ይጣራሉ፤ ባጃጆች በአህዮቹ መሐል እየተሽሎከለኩ ያልፋሉ፤ ከገጠር የሚገባው ገበሬ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ በቆሎውንና ጤፉን ወደ ታች ይነዳል። አምለሰት ዱላ የያዘ ወንድ ባየች ቁጥር ታከለ እየመሰላት ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጉሊቷ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣበታለች፤ ሽንኩርት በኪሎ አምስት ብር ገብቷል፣ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ በየሳምንቱ አይገኝም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሴትዮዋን አስነስታ ነበር የምትቀመጥ፤ ዛሬ እንዳላየች አለፈች። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ጎንበስ ብላ ጭብጥ የምታህል ድንጋይ አነሳችና ነጠላዋ ውስጥ ያዘች። ምን ልታደርግበት እንዳሰበች እሷም አታውቅም፤ ባዶ እጅ መግባቱ ብቻ አስፈራት።

ለዘበኛው ልጄ ስለታመመች ላስፈቅድ መጣሁ አለችው፤ ግማሽ ውሸት ነው። ዘበኛው መምህር ወንዳወቅ አምስተኛ ‹ለ› ክፍል እያስተማረ እንደሆነ በአገጩ አሳያት። የክፍሉ መስኮት መስታወት የለውም፤ አምለሰት ከጎኑ ተጠግታ አጮለቀች። እሷ የጠበቀችው ጠጉሩን የሚያበጥር፣ ሴት የሚያስት ጎረምሳ ነበር። ያየችው ግን የሸሚዙ ኮሌታ ለአንገቱ የሰፋ፣ ቀጭን ልጅ ነው። ተማሪዎቹን ማየት ስላፈረ ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ ፊቱን ወደ ጥቁር ሰሌዳው አዙሮ ነው የሚያስተምረው። ግድግዳው ላይ የተገለበጠ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰቅሏል፤ በላዩ አንዲት ልጅና አንድ ልጅ ልብሳቸውን እንደለበሱ በቀለም ተስለዋል፣ ጎናቸው ላይ ዕድሜ ተጽፏል። ወንዶቹ ጠረጴዛ ሥር ገብተው ይስቃሉ፤ ሴቶቹ በደብተራቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል፣ ግን አንዳቸውም ጆሯቸውን አልሸፈኑም።

«የወር አበባ በሽታ አይደለም» አለ መምህሩ ለሰሌዳው። «ኃጢአትም አይደለም። ሴት ልጅ ስታድግ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ያገባችም ያላገባችም ታያለች።»

ከኋላ፣ ከደብተር ጀርባ፣ አንዲት ልጅ ያላገባች ካየች ሰው ምን ይላታል ብላ ጠየቀች።  መምህሩ «ሰውማ…» ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው፤ ምንም ያልተጻፈበትን የሰሌዳ ጥግ በዳስተር ማጥፋት ያዘ። አጥፍቶ ሲዞር አምለሰትን መስኮቱ ላይ አያት። ጠመኔው ከእጁ ወደቀ።

መጽሐፉን ደረቱ ላይ እንደ ጋሻ አቅፎ ወጣ። ገና አፏን ሳትከፍት፣ እባክዎ እትዬ፣ ከመጽሐፉ ውጪ አንዲት ቃል አልጨመርኩም እያለ ገጹን ይገልጥላት ጀመር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አለፈው። አምለሰት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው። ቃሉ መንግሥት ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አለ። ይህ ልጅ ቢዋሽ እንኳ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ማሳተም አይችልም።

«አንድም ወንድ ያልደረሰባት?» ብላ ጠየቀችው።

«አንድም።»

ድንጋዩን ከነጠላዋ ሥር ቀስ ብላ መሬት ላይ ለቀቀችው። እሱም አየ፤ አላየሁም ብሎ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። የያምሮትን ነገር ነገረችው። የት እንዳለች ጠየቃት፤ ቆልፋባት እንደመጣች ስትነግረው ደነገጠ፣ መትተዋታል እንዴ ብሎ ጠየቀ። አምለሰት አብሯት እንዲመጣና ለወንድሟ መጽሐፉን እንዲያሳየው ለመነችው። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት በዚሁ ትምህርት የተነሳ ዱላ ይዞ ድልድዩ ላይ ጠብቆት፣ በወንዙ ውስጥ አቋርጦ ነው ቤቱ የገባው። ርዕሰ መምህሩም ምዕራፉን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሶ ወደ ዕፅዋት እንዲያልፍ አዞታል።

«እኔ ከመጣሁ ‹ይኸው፣ ራሱ መጣ› ነው የሚሉት፣ እትዬ» አላት። «የእኔ ቃል ያጠፋታል እንጂ አያድናትም። እነሱ የሚያምኑት፣ ሳታገባ ያየችና ክብሯ የተመሰከረላት አንዲት ሴት ብትናገር ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ደግሞ ከየት ትገኛለች?»

 አምለሰት ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ያዘች። ያቺ ሴት እሷ ናት። በዘጠኝ ዓመቷ ለይርሳው ታጭታ፣ ሠርጉ ሳይደርስ ደርግ ይርሳውን ለብሔራዊ ውትድርና አፍሶ ወሰደው። ጓደኞቿ ሁሉ ሲዳሩ እሷ እጮኛዋን እየጠበቀች አባቷ ቤት ቀረች። በአሥራ አራት ዓመቷ አንድ ቀን ጠዋት ደም አየች። ወንድ የሚባል አጠገቧ ደርሶ አያውቅም፤ ቢሆንም እናቶቿ የሚሉትን ታውቃለችና ራሷን አላመነችም። በእንቅልፌ የመጣብኝ ጋኔን ነው አለች። አራት ዓመት ሙሉ በየወሩ ማልዳ ላህ ወንዝ ወርዳ ጨርቋን አጥባ ከድንጋይ ሥር ደብቃለች፤ አራት ዓመት ሙሉ እናቷ ዓይን ውስጥ ማየት ፈርታለች። መንግሥት ሲለወጥ ይርሳው ተመለሰ፤ እሷ አሥራ ስምንት ሞልቷት ነበር። የሠርጉ ዕለት ወንዙ ውስጥ ልግባ ወይስ ልጥፋ እያለች ነው ያጌጠችው። ሌሊቱን ግን ክብሯ ተገኘ። ሚዜዎቹ የክብሯን ጨርቅ በሰፌድ ይዘው አባቷ ደጅ ሲደርሱ፣ ከፊት ሆኖ የጨፈረው፣ ጥይት ወደ ሰማይ የተኮሰው፣ ወንድሟ ታከለ ነው። አምለሰት ማርያም ሸፈነችልኝ አለች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለማርያም ጧፍ ስታበራ ኖረች፤ ላልሠራችው ኃጢአት ምስጋና ነበር።

አሁን ነገሩ ገባት። ጥንትም የተሸፈነ ነገር አልነበረም። ስላገባች መጣ ማለት ዶሮ ስለጮኸ ነጋ እንደማለት ነው፤ ሁሉንም ልጅ ሳይነጋ እየዳሩ ንጋቱን የባል ሥራ አደረጉት። መንገድ ዳር ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ስንት ሴት እንደ እሷ ወንዝ ወርዳ ይሆን? ተናደደች፤ ንዴቷ ግን ሁለት እርምጃ አልሄደም፣ ፍርሃቱ ተመልሶ መጣ። በእነሱ ዘንድ ሴት ለታላቅ ወንድሟ እርጉዝ መሆኗን እንኳ በአፏ አትናገርም። ይህን እንዴት ብላ ታወራዋለች? ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም ብትል ማንም ምንም አይላትም፣ ልጅቷ ብቻ ትሄዳለች። ለይርሳውስ? አብራው በኖረችበት ዘመን ሁሉ ለእሱ ያልነገረችውን?

ከአጥሩ በር ላይ የታከለ አህያ ከነጭነቷ ታስራለች። ታከለ ራሱ ጀርባውን ለተቆለፈው በር ሰጥቶ ደፉ ላይ ተቀምጧል፣ ዱላው ጉልበቱ ላይ ነው። ይርሳውም ለምሳ መጥቶ በሩ ተቆልፎ አግኝቶት፣ የዘበኛ ካፖርቱን እንደለበሰ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።  እታለም ለእንግዳው ውሃ አቅርባለት ነበር፤ ጣሳውን ስትቀበለው «የከተማ ልጅ ቶሎ ነው የሚያድግ፣ ጋሼ ታከለ» ብላዋለች። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አላለችም። ለጎጃም ሰው ከዚህ በላይ ማለትም አያስፈልግም።

አምለሰት ቁልፉን ከአንገቷ ፈታች፤ ይርሳው ተቀብሎ በሩን ከፈተው። ቤቱ ውስጥ ያምሮት ከግድግዳው ተጣብቃ ቆማለች። አባቷን ስታይ ልትስመው ሮጣ ነበር የምትመጣ፤ ዛሬ ንቅንቅ አላለችም። ታከለ መደቡ ላይ ተቀመጠ። አልጮኸም፤ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ ከሩቅ ጀምሮ ተናገረ። ስለ ዘንድሮው በቆሎ፣ ስለ አህያዋ ጀርባ፣ ስለ ልጅቷ እናት ወገብ። ከዚያ ቡሬ ከተማ ወፍጮ ቤት ስላላቸው ስለ አቶ ቸኮለ ልጅ አነሳ፤ አምና ሽማግሌ ልከው እንደነበር፣ እሱም ልጄ ትማራለች ብሎ መመለሱን፣ አሁን ግን የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ የሚለውን መናቁ እንደጸጸተው ገለጸ። ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑ ከዱላው ላይ አልተነሳም።

«የጫንኩትን አራግፌ እሷን ይዤ እመለሳለሁ» አለ። «አስቀድማ ግን ስሙን ትናገር።»

ያምሮት አክስቷን አየች፣ ከዚያ በሩን አየች፣ ከዚያ ዱላውን። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አምለሰት አየችው። ልጅቷ ስም ልትሰጣቸው ነው፤ ያላትን፣ የምታውቀውን፣ ከፍርሃት የሚያወጣትን ማንኛውንም ስም። ጠዋት ከጓዳው ውስጥ ያንኑ ስም ከአፏ ያስወጣቻት ራሷ አምለሰት ናት። ያ ቀጭን ልጅ ጠመኔው ከእጁ ሲወድቅ ታያት።

«ጋሼ፣ እኔም ሳላገባ አይቻለሁ» አለች።

ታከለ ምን እንዳለች ያልሰማ መሰለ። እሷ ግን አንዴ ከጀመረች ማቆም አልቻለችም፤ ብታቆም ዳግመኛ እንደማትጀምር ታውቃለች። ጣሪያውን እያየች፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆና ያየችውን፣ ወንዙን፣ ድንጋዩን፣ አራቱን ዓመት አንድ በአንድ ነገረችው።  ወንድሟ ሁለት ጊዜ በቃሽ እንደማለት እጁን አነሳ፤ አላቆመችም። ይርሳው በሩ ላይ እንደቆመ ነው፤ ወደ እሱ መዞር አልደፈረችም።

«ክብሬን በሰፌድ ሲያመጡት አባታችን ደጅ ከፊት የጨፈሩት እርስዎ ነዎት» አለች በመጨረሻ። «ያ ጭፈራ ውሸት ነበር ይበሉኝ። ያኔ ልጅቷን ይውሰዷት።»

 ታከለ ውሸት ነው ቢል የሞተውን አባቱን ስም፣ የራሱን ጥይት፣ የሠርገኛውን ሁሉ ምስክርነት ማፍረስ ነው። እውነት ነው ቢል ደግሞ እናቱ ያስተማረችው ሁሉ ይፈርሳል። ፊቱ ጠቁሮ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ የመደቡን ጭቃ በዱላው ጫፍ ሲቆፍር ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። የሄደ መሰላቸው፤ ግን ጭነቱን ከአህያዋ አውርዶ፣ የዱቄቱንና የሽሮውን ከረጢት በትከሻው አስገብቶ ከጓዳው በር ላይ አስቀመጠው። እንዲህ ያለ ወሬ ሁለተኛ ጆሮው እንዳይገባ እህቱን አስጠነቀቃት። ልጁን ሳያያት «ነገ ከትምህርትሽ እንዳትቀሪ» አለ። ምሳ ብላ ቢሉት አሻፈረኝ ብሎ አህያዋን ነድቶ ሄደ።

ያምሮት በአክስቷ እግር ሥር ተደፋች። አምለሰት አንስታ፣ ፊቷን በውሃ አብሳ፣ ንጹሕ ጨርቅ ከሳጥኗ አውጥታ ሰጠቻትና ወደ ጓሮ ላከቻት። ሳጥኑን ስትዘጋ፣ ከማርያም ጧፍ ሌላ ለማንም ያልነገረችውን ተናግራ እንዳልሞተች ገረማት። ምሳ አቀረበች። ይርሳው እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፣ ካፖርቱን ግን አላወለቀም። እንጀራውን ቆርሶ ይዞት ቆየ እንጂ አልጎረሰም።

«ማን ነበር?» አላት።

ድምጹ የቁጣ አልነበረም። የፈራ ሰው ድምጽ ነበር፤ ለዓመታት ረግጦት የኖረው ወለል ድንገት ባዶ የሆነበት ሰው ድምጽ። አምለሰት ቀና ብላ አየችው። የሠርጉን ሌሊት ከእሱ ሌላ ማንም አልነበረም፤ ከእሱ የተሻለ ምስክርም በምድር ላይ አይገኝላትም።

«አንተ ብቻ» አለችው።

ይርሳው የቆረሰውን እንጀራ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው፤ ሌላ ስም እየጠበቀ አያት።